አሠልጣኝ ላይ የምትወዱት ምኑን ነው? ጥላችሁት የሄዳችሁትስ ለምን?

ላብ አደር

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ከንክኖኝ ነው የመጣሁት።

ስፖርት የምሠራበት ጂም አሠልጣኛችንን ሊያሰናብት ነው። ሥራ አስኪያጁን «ምነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «አዲሱ ሰርተፍኬቱም ብዙ ነው፣ ቁመናውም ያስቀናል። እናንተ ምን ይጎድልባችኋል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ምክንያቱም የድሮው ኮች በወረቀት ሲታይ ምንም የተለየ ነገር የለውም። ጡንቻው አያስደነግጥም። ብዙም አያወራም። ግን እሱ የቀረ ቀን ግማሹ ሰው እንዳኮረፈ ነው የሚሠራው።

እኔን የያዘኝ ምን እንደሆነ ሳስበው ጥቃቅን ነገር ነው የሚመጣልኝ። ቀኝ ትከሻዬ እንደሚያመኝ አንዴ ነው የነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ከራስ በላይ የሚገፋ ነገር በመጣ ቁጥር፣ ሳልጠይቀው ለእኔ ሌላ ይሰጠኛል። ይሄ የትኛው ወረቀት ላይ ይጻፋል?

እናንተስ? ሰብስቤ ለሥራ አስኪያጁ ላሳየው አስቤያለሁ። ስለዚህ «ጎበዝ ስለሆነ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፣ በዝርዝር አውሩኝ።

ዘግይቶ ጀማሪ

እኔ ስፖርት የጀመርኩት ልጆቼ ካደጉ በኋላ ነው። ጂም መግባቱ ራሱ ያሳፍረኝ ነበር። ቤቱ በሙሉ ሥራ ፈትቶ እኔን የሚያይ ይመስለኛል።

አሠልጣኜ ወጣት ልጅ ናት። የመጀመሪያውን ቀን ብረት አላስነካችኝም። አስቀምጣ ጠየቀችኝ። የልብ ሕመም አለብዎ ተብለው ያውቃሉ? ሲንቀሳቀሱ ደረትዎን ያምዎታል? ዝም ብለው ተቀምጠውስ? ያዞርዎታል? መገጣጠሚያ ላይ ችግር አለ? የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ? እኔም የምወስደውን ነገርኳት። «እንግዲያው መጀመሪያ ሐኪምዎን ያናግሩ፣ ተመልሰው ይምጡ፣ እጠብቅዎታለሁ» አለችኝ። ደንበኛ ሊያመልጣት እንደሚችል እያወቀች መለሰችኝ። እኔ ያን ቀን ነው ያመንኳት።

ስመለስ ደግሞ «ምን ማድረግ ቢችሉ ደስ ይልዎታል?» አለችኝ። «ሳልደገፍ ከወለል መነሣት» አልኳት። አልሳቀችም። ከፍ ካለ ሳጥን ላይ ቁጭ ብድግ በማለት ጀመርን። ሳጥኑን ቀስ በቀስ ዝቅ አደረገችው። አሁን ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ብድግ እላለሁ። ቁመናዋ ምን እንደሚመስል ልብ ብዬ አይቼውም አላውቅ።

ብረት ወዳጁ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ቁመናውን አያለሁ። ቦርጩን አስቀድሞ የሚገባ ሰው ስለ ሆድ ጡንቻ ምን ሊነግረኝ ነው? የሚያስተምረውን ራሱ የማይኖር ሰው አላምንም።

ሌላው፣ እኔ የምከፍለው እንዲያባብለኝ አይደለም። እንዲገፋኝ ነው። «በቃኝ» ስል «ገና ሁለት ይቀርሃል!» የሚለኝ ሰው ነው የምፈልገው። ማባበል እቤትም አለ።

ሰኞ እጀምራለሁ

እቤት ማን እንደሚያባብልህ ብትነግረን ሁላችንም ተጠቃሚ እንሆን ነበር።

ኮች ነኝ እኔም

ሥራዬ ማሠልጠን ነው። ለብረት ወዳጁ ትንሽ ልመልስ።

ቁመና ብዙ ነገር ነው። ግማሹ ከእናት ከአባት የመጣ ነው። ሌላው የብዙ ዓመት ልፋት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከመርፌ የመጣ ነው፣ ያንን ሁላችንም እናውቃለን። አንጄሎ ዳንዲ መሐመድ አሊንም ሹገር ሬይ ሊዮናርድንም ይዞ ሪንግ ጥግ የቆመ ሰው ነው። እሱ ራሱ ግን በቡጢኛነቱ አይታወቅም። የራስን ሰውነት ማሳመርና የሌላውን ሰው ሰውነት ማንበብ ሁለት የተለያየ ሙያ ነው።

ግን ግማሹን እሰጥሃለሁ። ስኳት (ቁጭ ብድግ) ወርዶ ማሳየት የማይችል፣ ራሱ ስፖርት የማይሠራ አሠልጣኝ እኔም አይመቸኝም። ራሱ የሚሠራ ሰው ቢያንስ የሚያምህን ሕመም፣ የምትሰንፍበትን ስንፍና ያውቀዋል ማለት ነው። ስለዚህ ጡንቻውን ትተህ «እንደኔ ያለ ሰው አሠልጥነህ ታውቃለህ?» ብለህ ጠይቀው። አንተ ቀጭን ሆነህ መወፈር የምትፈልግ ከሆነ፣ ሲወለድ ጀምሮ ግዙፍ የሆነ ሰው ብዙ ላያስተምርህ ይችላል።

መግፋትን በተመለከተ፦ «ሁለት ይቀርሃል» የምለው ሁለት እንደሚቀርህ ሳውቅ ነው። እንዴት አውቃለሁ? እየጠየቅሁ። በየዙሩ መጨረሻ «ስንት ይቀርህ ነበር?» እላለሁ። ጉናር ቦርግ የሚባል ስዊድናዊ የድካም ስሜትን በቁጥር የሚለካ መለኪያ ሠርቷል፣ ከ6 እስከ 20 የሚሄድ። እኛ ጂም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ነው የምንጠይቀው። «ስምንት» ካልከኝ ሁለት ያህል ቀርቶሃል ማለት ነው። ለአብዛኛው ሰው አንድ ሁለት እያስቀሩ መሥራት በቂ ነው። በየዙሩ እስኪወድቁ መሥራት ግዴታ አይደለም። ሳይጠይቅ፣ ፊትህን ሳያይ የሚጮህ ሰው አሠልጣኝ ሳይሆን ደጋፊ ነው።

ብረት ወዳጁ

እሺ ደጋፊ ይሁንልኝ! እኔ ግን ሳይጮህብኝ የመጨረሻዋን አላነሣትም። ሰው ይለያያል ኮች።

ኮች ነኝ እኔም

ይለያያል፣ እውነትህን ነው። ላንተ እጮህልሃለሁ። ለዘግይቶ ጀማሪ እንደዚያ ብጮህ ግን በማግስቱ አላያቸውም።

ጅማት

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። እኔ ጋ የሚመጡት ጂም ውስጥ አንድ ነገር የተሳሳተባቸው ሰዎች ስለሆኑ ሚዛኔ ሊያጋድል ይችላል፣ እሱን አስቀድሜ ልናገር።

በጣም የሚያናድደኝ «ዛሬ ደረጃ መውረድ አቅቶኛል፣ አሠልጣኜ አንደኛ ነው!» የሚባለው ወሬ ነው። ማድከም ቀላል ነው። ማንም ሰው መቶ ጊዜ ቁጭ ብድግ ቢያስብላችሁ ትደክማላችሁ። ለዚያ አሠልጣኝ አያስፈልግም። ጥያቄው ድካሙ ወዴት እየወሰዳችሁ ነው የሚለው ነው።

አዲስ እንቅስቃሴ ከሠራችሁ በኋላ የሚመጣው የጡንቻ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል፣ ከዚያ ራሱ ይለቃል። ያ ጤነኛ ነገር ነው፣ ግን የሥልጠና መለኪያ አይደለም። ሰውነት ሲለምድ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ለውጡ ግን አልቆመም። መገጣጠሚያ ላይ ቦግ የሚል፣ የሚወጋ፣ ወደ እግር ወይም ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም ሌላ ነው። ጥሩ አሠልጣኝ «የት ነው? ምን ዓይነት ነው? ስትወርድ ነው ስትነሣ?» ይላል። መጥፎው «ሕመም ከሌለ ለውጥ የለም» ብሎ ያልፋል።

ከሁሉም በላይ የምፈራው አንድ ነገር አለ። ጀማሪን ወይም ለረጅም ጊዜ አቋርጦ የተመለሰን ሰው በአንድ ቀን ከአቅም በላይ ማሠራት። ጡንቻ ከልክ በላይ ሲጎዳ ውስጡ ያለው ነገር ወደ ደም ይፈስና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ራብዶማዮሊሲስ ይባላል። ሽንት እንደ ኮላ ከጠቆረ፣ ጡንቻ ካበጠና ከልክ ያለፈ ከታመመ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው፣ ነገ አይባልም። ብዙ ጊዜ የሚገጥም ነገር አይደለም። ግን የመጀመሪያ ቀን ላይ ራሱን ማሳየት የፈለገ አሠልጣኝና እንደ ድሮው ነኝ የሚል ደንበኛ ሲገናኙ ያስፈራኛል።

ዘግይቶ ጀማሪ

ልጄ ይሄን ስላነሣህልን ተባረክ። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር።

ጥግ ያዢዋ

ማንም ያላነሣውን ላንሣ። መንካት።

ብዙ አሠልጣኞች ጀርባሽን ለማስተካከል፣ ጉልበትሽን ለመግፋት ዝም ብለው እጃቸውን ይዘረጋሉ። አብዛኛው ክፉ አስቦ አይደለም፣ ይገባኛል። እኔ ግን እደነግጣለሁ። ስደነግጥ ደግሞ ጭራሽ እንቅስቃሴው ይበላሽብኛል። ቀድሞ የነበረውን ጂም የተውኩት በዚህ ነው። ለአስተዳደሩ ብናገርም «እሱ እኮ እንደ ወንድምሽ ነው» ተባልኩ። ወንድም አልጠየቅሁም።

አሁን ያለሁበት ኮች «ትከሻሽን ልንካው?» ይላል። ሁልጊዜ። «አይ» ስለው አያኮርፍም፣ በቃል ያስረዳኛል። የሚገርመው በቃሉ የበለጠ ይገባኛል። «ጭንሽን አጥብቂ፣ ዳሌሽን እንዲህ፣ ወገብሽን እንዲያ» አይልም። «ወለሉን ግፊው» ነው የሚለኝ። ወይም «ብረቱን ወደ ጣሪያው ላኪው»። አንድ ቃል፣ አለቀ። ከፊቴ ቆሞ ራሱ ሠርቶ ያሳየኛል። ከኋላ ቆሞ አያይም፣ ይሄም ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ወንዶቹ ላይገባችሁ ይችላል፣ ሴቶቹ ግን ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ማስታወሻ ደብተር

ጥግ ያዢዋ፣ «ወለሉን ግፊው» የሚለው ነገር አጋጣሚ አይደለም። ጋብሪዬሌ ቩልፍ የተባለች ተመራማሪ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያጠናችው ጉዳይ ነው። ሰው ትኩረቱን ከራሱ አካል ላይ አንሥቶ እንቅስቃሴው ውጭ ላይ በሚያደርሰው ነገር ላይ ሲያደርግ፣ ብዙ ጊዜ እንቅስቃሴውን በተሻለ ይማረዋል። ስለ ጉልበቱ እያሰበ የሚወርድ ሰው ይንገታገታል። ወለሉን ልግፋ ብሎ የሚያስብ ሰው አካሉ ራሱ ይቀናጃል። ስለዚህ ኮችሽ ወይ አንብቧል ወይ ከልምድ ደርሶበታል፣ ሁለቱም ጥሩ ነው።

እኔ ግን አሠልጣኝ የምመዝነው በደብተሩ ነው፣ ስሜም ይናገራል። ባለፈው ሳምንት ምን ያህል እንዳነሣሁ ካላወቀ ዛሬ ምን ሊሰጠኝ ነው? ግምት? በየቀኑ አዲስ እንቅስቃሴ የሚያመጣ አለ፣ «ጡንቻን ለማደናገር» ይላል። የሚደናገረው ሰውየው ነው። ለውጥ የሚመጣው አንድን እንቅስቃሴ ደጋግሞ እየሠሩ ጫናውን ቀስ በቀስ በመጨመር ነው። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ እንደሚመክረው፣ ከታቀደው ድግግሞሽ አንድ ሁለት አልፎ መሥራት ሲቻል ክብደቱን ከ2 እስከ 10 በመቶ መጨመር ነው። ይሄን ለማድረግ ያለፈውን ቁጥር ማወቅ ግድ ነው። ቁጥሩ ደግሞ አሠልጣኙ ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን ወረቀት ላይ ወይም ስልኩ ላይ መኖር አለበት፣ በአንድ ቀን ስንቱን ሰው ያያል።

አንድ ነገር ደግሞ ለጀማሪዎች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበታችሁ ቶሎ ይጨምራል። መስታወት ላይ ግን ምንም አይታይም። የዚያን ጊዜ እየተለወጠ ያለው በዋናነት ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበት መንገድ ነው። ይሄን አስቀድሞ የሚነግራችሁ አሠልጣኝ ተስፋ ከመቁረጥ ያድናችኋል። «በአንድ ወር ሌላ ሰው ትሆናለህ» የሚላችሁ ግን ነጋዴ ነው።

ሰኞ እጀምራለሁ

ደብተር ይቅር፣ ስልኩን ኪሱ ይክተትልኝ። እኔ ፕላንክ ላይ እየተንቀጠቀጥኩ እሱ ቪዲዮ ያያል። «ጨረስኩ?» ስለው «ትንሽ ቀጥል» ይላል። ትንሽ ማለት ቪዲዮው እስኪያልቅ እንደሆነ ገብቶኛል።

ላብ አደር

ይሄን የመጀመሪያው መስመር ላይ አደርገዋለሁ!

ጥግ ያዢዋ

አንዳንዱ እኮ ስልኩ ላይ ፕሮግራሙን እያየ ነው። ግን ይንገረና። «ያንቺን ቁጥር እየጻፍኩ ነው» ቢል ምን ችግር አለው።

ነርሷ

ስለ ወረቀት ልናገር፣ ሁላችሁም ሰርተፍኬትን እያጣጣላችሁት ስለሆነ።

በብዙ አገር ማንም ሰው ጠዋት ተነሥቶ «አሠልጣኝ ነኝ» ማለት ይችላል። የሚከለክል ሕግ የለም። ስለዚህ ቢያንስ አንድ የታወቀ ተቋም ፈትኖ ያሳለፈው መሆኑ ትንሽ ነገር አይደለም። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። እዚያው አሜሪካ ያለው የጥንካሬና የአካል ብቃት አሠልጣኞች ማኅበር ደግሞ በ1978 እ.ኤ.አ. ነው የተቋቋመው። እነዚህ ከሰጡት ወረቀትና በሁለት ቀን በኢንተርኔት ከተገኘ ወረቀት መካከል ሰማይና ምድር ነው ያለው። ብዛቱን ሳይሆን ማን እንደሰጠው እዩ። የሚታደስ መሆኑንም ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ ግን አንዱን ወረቀት ጠይቁልኝ፦ የመጀመሪያ እርዳታና ሲፒአር፣ ማለትም ልቡ የቆመን ሰው ደረቱን እየተጫኑ የመርዳት ሥልጠና። ሰው ትሬድሚል ላይ ልቡ ቀጥ ቢል የአምቡላንስ መምጫ ደቂቃዎች ረጅም ናቸው። ደረት መጫንና ዲፊብሪሌተር (ልብን በኤሌክትሪክ ወደ ምቱ የሚመልሰው መሣሪያ) በዘገየ ቁጥር፣ በየደቂቃው የመትረፍ ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል ነው የሚባለው። እኔ አዲስ ጂም ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ዲፊብሪሌተሩ የት እንደሆነ ነው። አሠልጣኙ ዘወር ብሎ ማሰብ ከጀመረ መልሱ ገብቶኛል።

ላብ አደር

ነርሷ፣ ይሄን ፈጽሞ አስቤው አላውቅም ነበር። ነገ እጠይቃለሁ።

ብረት ወዳጁ

አልስማማም ብዬ ነበር የመጣሁት፣ በዚህ ግን እስማማለሁ። አንድ ተጨማሪ፦ ቤንች ላይ ተኝቼ ብረት ስገፋ የሚቆምልኝ ሰው። ቤንች ላይ አጠገቤ ቆሞ ዓይኑ ሌላ ቦታ ያለ አሠልጣኝ ከሌለ ይሻላል። ብቻዬን ብሆን ቢያንስ ክብደቱን እቀንሳለሁ። እሱን ተማምኜ ጨምሬ ደረቴ ላይ ቢቀርስ?

ጅማት

ብቻህን ከሆንክ ደግሞ የብረቱን ጫፍ መቆለፊያ አታድርግ፣ ወደ ጎን አዘንብለህ ክብደቱን መጣል እንድትችል። ወይም የደኅንነት ማቆሚያ ብረት ያለበት ቦታ ሥራ።

እያነበብኩ ነው

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንድ ጥያቄ አለኝ። ጥሩ አሠልጣኝ ማለት መጨረሻ ላይ እንዳታስፈልገው የሚያደርግህ ሰው አይደለም ወይ? እኔ የነበረኝ ኮች «ለምን ይሄን እንሠራለን?» ብዬ ስጠይቀው «ዝም ብለህ ሥራ» ይለኝ ነበር። ብዙ ጊዜ አብረን ሠራን፣ ብቻዬን ስሆን ግን ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ሆን ብሎ ይመስለኛል።

ማስታወሻ ደብተር

ሆን ብሎ ላይሆን ይችላል፣ ራሱም ምክንያቱን ላያውቀው ይችላል። እሱ ነው የባሰው።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሰዎች ሰው አንድን ነገር በራሱ ፍላጎት እንዲቀጥል ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ይላሉ። የመምረጥ ነጻነት፣ እችላለሁ የሚል ስሜት፣ ከሰው ጋር መቀራረብ። ያንተ ኮች የመጀመሪያውን ነፍጎሃል። «ዛሬ ስኳት እንሥራ ወይስ ሌግ ፕሬስ?» ብሎ መጠየቅ ምን ይጎዳል? ሁለቱም እግር ነው።

ዘግይቶ ጀማሪ

እኔን ግን በመጀመሪያው ሰሞን «የቱን ይመርጣሉ?» ብትለኝ ኖሮ ግራ ይገባኝ ነበር። ሁለቱንም አላውቃቸውማ። ዝም ብላ «ይሄን ይሥሩ፣ እኔ አለሁ» ስትለኝ ነው ደስ የሚለኝ የነበረው። ምርጫው በኋላ መጣ። ይሄ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፣ ሰውየውን ማየት ነው።

ማስታወሻ ደብተር

ልክ ነዎት። ለጀማሪ ምርጫው ትንሽ ይሁን። ምክንያቱን ማስረዳት ግን ከመጀመሪያውም ይቻላል።

ላብ አደር

እያነበብኩ ነው፣ እኔ ደግሞ ካንተ እለያለሁ። ፕሮግራሜን አውቀዋለሁ። ብቻዬን መሥራት እችላለሁ። ግን አልሠራም! ኮች ይጠብቀኛል ብዬ ነው ከአልጋ የምነሣው። ለኔ ትልቁ አገልግሎት ቀጠሮው ነው። ስቀር «ሰላም ነህ?» ብሎ ይደውላል፣ «ለምን ቀረህ?» አይልም። ልዩነቱን ልብ በሉ። የመጀመሪያው ያስመልሰኛል፣ ሁለተኛው ግን በአፍረት ጭራሽ ያስቀረኝ ነበር።

ጥግ ያዢዋ

ኧረ ይሄ! ከረጅም ጊዜ በኋላ ስትመለሺ «እህ፣ ጠፋሽ እኮ፣ ወፈርሽ!» የሚል አሠልጣኝ በሕግ ይከልከል።

ሰኞ እጀምራለሁ

የኔው ደግሞ ክፍያዬ ሲያልቅ ብቻ ነው የሚናፍቀኝ።

ኮች ነኝ እኔም

እንግዲህ ከወዲያኛው ወገን ሆኜ ትንሽ ላውራ፣ ቅሬታ አይደለም።

ጂም ውስጥ ሁለት ዓይነት አሠልጣኝ አለ። አንዱ ወለሉ ላይ የሚዞር ነው፣ ሁሉንም ሰው ያያል፣ ማንንም በደንብ አያይም። ሌላው በግል የሚይዝ ነው። ብዙ ሰው ለመጀመሪያው ከፍሎ ሁለተኛውን ይጠብቃል። ወለል ላይ ያለ አሠልጣኝ ማሟሟቂያህን እስከ መጨረሻ ሊከታተልልህ አይችልም። ግን ሰላም ሊልህ፣ ስምህን ሊያውቅ፣ አደገኛ ነገር ስትሠራ ሮጦ ሊደርስ ይገባል። ያንን ጠብቁበት።

የግል አሠልጣኝ ገቢ ደግሞ ብዙ ቦታ በያዘው ሰው ብዛት ነው። ስለዚህ ሰው ያበዛል፣ አንዱን ከሌላው ጋር ያደራርባል። የስልኩም፣ የመዘንጋቱም ነገር ግማሹ ከዚህ ይመጣል። ሥራ አስኪያጆች ይሄን ማየት አለባቸው። ለአሠልጣኙ በሁለት ሰው መካከል የአሥር ደቂቃ ትንፋሽ ብትሰጠው ቁጥር ይጽፋል፣ ውኃ ይጠጣል፣ የሚቀጥለውን ሰው ጉልበት ያስታውሳል። ላብ አደር፣ ይሄን ለሥራ አስኪያጅህ በደማቁ ጻፍለት።

ሁለተኛ፣ የዱቄት ነገር። አንዳንድ ቦታ አሠልጣኙ ፕሮቲንና ሌላም ሌላም እንዲሸጥ ይገፋል፣ ከሽያጩ ይከፈለዋል። እኔ ሁሉንም መጥፎ ነው አልልም። ክሬያቲን ለምሳሌ በደንብ የተጠና ነገር ነው፣ ለጤነኛ ሰው በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም የተለመደ ነው። ግን የሚመክርህ ሰው ከሽያጩ የሚያገኝ ከሆነ ይንገርህ። ስለ መድኃኒት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ግፊት አመጋገብ ሲጠየቅ ደግሞ «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ ባለሙያ ጠይቁ» ማለት የሚችል ይሁን።

ነርሷ

«አላውቅም» የሚል አሠልጣኝ አግብቼ ነበር።

ብረት ወዳጁ

ነርሷ፣ አግብተሽ ነበር ነው ወይስ ታገቢ ነበር?

ነርሷ

አገባ ነበር! የስልኬ ነገር።

ላብ አደር

እሺ፣ እስካሁን ያላችሁትን ጽፌ ዛሬ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ስለ ዲፊብሪሌተሩ ስጠይቀው «አለ አለ» ብሎ መጋዘን ውስጥ ከካርቶን ሥር አወጣው። ዛሬውኑ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ብሏል፣ እናያለን። የአሥር ደቂቃዋን ትንፋሽ «ያከስረኛል» አለ። የቪዲዮውን ታሪክ ሲያነብ ሳቀ፣ ከዚያ ቆጣ ብሎ «የኛ ጂም ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። መሆኑን ግን አላውቅም፣ ሰኞ እጀምራለሁ የት እንደሚሠራ አልነገረንም።

የድሮው ኮች ነገር አልተወሰነም። ሁለቱንም ለተወሰነ ጊዜ ላያቸው ነው ብሏል። አዲሱ ዛሬ መጥቶ ነበር። ጠዋት ከኔ ጋር ሲሠራ ቶሎ ቶሎ ያወራል፣ ሁሉንም ሰው «ሻምፒዮን» ነው የሚለው። ግን ሳልነግረው ትከሻዬን አይቶ «እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። ስለዚህ ዓይን አለው። ልጁን በደፈናው መጥላት እንዳልችል አደረገኝ።

ጅማት

ትከሻህንስ ለሐኪም አሳይተኸዋል? በሁለት አሠልጣኝ እየተመራህ ስታልፈው ከረምክ እኮ።

ላብ አደር

እ... አላሳየሁም። እሺ።

እያነበብኩ ነው

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለኮች። አሠልጣኜን መቀየር ብፈልግ እዚያው ጂም ውስጥ እያለሁ እንዴት ነው የማደርገው? በየቀኑ እንተያያለን፣ ይከብደኛል።

ኮች ነኝ እኔም

ከምታስበው በላይ የተለመደ ነገር ነው። ዝም ብለህ አትጥፋ፣ ከጀርባው ከሌላ ጋርም አትጀምር። ያ ነው የሚያስከፋን። የያዝከውን ፓኬጅ ጨርስ ወይም ምን ያህል እንደቀረህ እይ፣ ከዚያ ለእሱ ራሱ ንገረው። «አመሰግናለሁ፣ ሌላ ዓይነት አሠራር መሞከር እፈልጋለሁ» በቂ ነው። ምክንያት ከጠየቀህ አንድ እውነተኛ ምክንያት ንገረው፣ ለምሳሌ «ለምን እንደምንሠራ ብታስረዳኝ ደስ ይለኝ ነበር»። ዘርዝረህ አትክሰሰው። የቀረውን ክፍያ ወደ አዲሱ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ደግሞ ቢሮ ጠይቅ፣ ከአሠልጣኙ ጋር አትከራከርበት። የሠራችሁበትን ቁጥር ጠይቀህ ውሰድ። ያንተ ነው።

ሰኞ እጀምራለሁ

ቁጥር ከሌለውስ?

ኮች ነኝ እኔም

ከሌለው የምትቀይርበት ምክንያት ተገኘ ማለት ነው።